የተኛውን ሕፃን ትንፋሽ ማን ይጠብቅ?

በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ፣ በሕፃን አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ የልጁን ትንፋሽ ያላዳመጠ ወላጅ አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንም። እጅን በደረቱ ላይ ማሳረፍ፣ ጣትን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት፣ ጸጥታው ሲረዝም ሆን ብሎ ነካ አድርጎ ማንቀሳቀስ የእናትነትና የአባትነት የመጀመሪያ ሌሊቶች ልማድ ነው። ይህን ሥራ ዛሬ መሣሪያ ሊሠራላችሁ ይችላል የሚሉ ነጋዴዎች ተነሥተዋል። ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ፣ በሽንት ጨርቅ ላይ የሚሰካ፣ እንደ ካልሲ በእግር የሚጠለቅ፣ ልጁ ሳይንቀሳቀስ ጥቂት ሴኮንዶች ከቆየ የሚጮኽ መሣሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ እንደ ልብ ይገኛል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ልጁ፣ እኅቱ ወይም ወንድሙ በውጭ አገር የማይኖርበት ቤተሰብ በየቁምስናችን ጥቂት ነው። በዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችን አራስ ሲጠይቁ ገንፎ ብቻ ይዘው አይሄዱም፤ ወላጆቹ ከመውለዳቸው በፊት የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በዝርዝር ስለሚያስታውቁ ዘመድ ሁሉ ከዝርዝሩ እየመረጠ ይገዛል። ከዝርዝሩም ውስጥ ይህ መሣሪያ ይገኝበታል። ለአገር ቤት የክርስትና ልጁ ሊልከው የሚያስብም አይጠፋም። ከዚህም ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «የትኛውን እንግዛ?» የሚል የገበያ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ገንዘቡ እያለን ሳንገዛ ብንቀር ልጃችንን ችላ አልነው ማለት ነውን?» የሚል የኅሊና ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ሳይመለስ የመጀመሪያውን በቅጡ መመለስ አይቻልም ብለን እናምናለን።

በቅድሚያ መሣሪያው የሚለካው ምን እንደ ሆነ መለየት ያሻል። ከፍራሽ ሥር የሚነጠፈው ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚያውቀው እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ልጁ ሲተነፍስ ደረቱና ሆዱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ይህ ጥቂት ንቅናቄ በፍራሹ በኩል አልፎ ሰሌዳው ዘንድ ይደርሳል፤ ንቅናቄው ለተወሰኑ ሴኮንዶች፣ ብዙውን ጊዜ ለ20 ያህል፣ ከጠፋ ደወሉ ይጮኻል። በሽንት ጨርቅ ላይ የሚሰካውም የሆድን ንቅናቄ የሚከታተል ነው። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ግን ከሁለቱ ይለያል። ብርሃን በእግር ቆዳ በኩል አሳልፎ ደሙ የተሸከመውን የኦክስጅን መጠንና የልብን ምት ይገምታል፤ በሆስፒታል በበሽተኛ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው።

እንቅስቃሴና ትንፋሽ አንድ አይደሉም። የአየር መተላለፊያው የተዘጋበት ሕፃን ለመተንፈስ ሲታገል ደረቱ ይንቀሳቀሳል፤ አየር ግን አይገባም። ለሰሌዳው ሁሉ ነገር ደኅና ነው። በአንጻሩ ፍጹም ጤነኛ የሆነ አራስ በእንቅልፉ ለ5 ወይም ለ10 ሴኮንድ ትንፋሹን ገታ አድርጎ እንደገና ፈጠን ፈጠን እያለ መተንፈስ የሚጀምርበት ጊዜ አለ፤ ይህም የዕድሜው ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው አደጋ ባለበት ዝም ሊል፣ አደጋ በሌለበትም ሊጮኽ ይችላል። ይህ ጉድለት በጊዜ ብዛት ሊሻሻል ይችል ይሆናል። ይበልጥ ልናስብበት የሚገባው ግን ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ የሚናገረው ታሪክ ነው።

የሕፃናት ድንገተኛ ሞት የተባለው ነገር በሐኪሞች ዘንድ ስምና ትርጓሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ በተደረገ ጉባኤ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ጤነኛ ሆኖ የተኛ ሕፃን ሞቶ ሲገኝና አስከሬኑ፣ የሞተበት ስፍራና የጤናው ታሪክ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በብዛት የሚደርሰው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዶክተር አልፍሬድ ስታይንሽናይደር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ አምስት ሕፃናት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከአምስቱ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ከሆስፒታል ወደ ቤት እንደ ተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል፤ ከእነርሱም በፊት ሦስት ታላላቆቻቸው ሞተው ነበር። ሐኪሙ ከዚህ ተነሥተው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ ለረጅም ሴኮንዶች መቋረጥ ለሞቱ መንገድ የሚጠርግ መሆኑን አመለከቱ። እንግዲያውስ ትንፋሹ በመሣሪያ ቢጠበቅ ሞቱ ሊከለከል ይችላል የሚል ተስፋ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በየቤታቸው ሽቦ በደረታቸው ተለጥፎ ተኙ፤ ወላጆቻቸውም ደወል እየጠበቁ አደሩ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የእነዚያ የሁለቱ ልጆች እናት አምስቱንም ልጆችዋን ራስዋ አፍና እንደ ገደለቻቸው ለፖሊስ ተናገረች። በኋላ ቃልዋን ብታነሣም እ.ኤ.አ. በ1995 በኒው ዮርክ ግዛት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሆና ተገኘች። ታላቁ ተስፋ ከቆመባቸው ምሰሶዎች ሁለቱ እንዲህ ወደቁ።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመኰነን አይደለም። ከዚህ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው አሳቡ ያን ያህል በቀላሉ ተቀባይነት ያገኘበት ምክንያት ነው። ልጅ በሌሊት ያለ ምክንያት ሊሞት ይችላል የሚለውን ወሬ የሰማ ወላጅ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም። አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ሽቦው ያን «አንድ ነገር» ሰጠው። የሰው ልብ ከመጠበቅ ይልቅ መሥራት ይቀልለዋል፤ ሥራው ይጥቀም አይጥቀም ለጊዜው አይጠይቅም።

በዚያው ዘመን እውነተኛው ጥበቃ ሌላ ስፍራ ተቀምጦ ነበር፤ ልጁ በምን ሁኔታ እንደሚተኛ በማየት። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ብዙ አዋቂዎች ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር። መጽሐፋቸው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች የተነበበው ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክም ልጁ በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል በሚል አሳብ ይህንኑ መክረዋል። ምክሩ የቅን ልብ ምክር ነበር። ነገር ግን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አሳዩ፤ በሆዱ የሚተኛ ሕፃን በጀርባው ከሚተኛው ይልቅ ለድንገተኛ ሞት የተጋለጠ ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኒው ዚላንድና ብሪታንያ በ1991፣ አሜሪካም በ1994 ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ የሚመክር ዘመቻ ጀመሩ። በአሜሪካ በዚህ ስም የሚመዘገበው ሞት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አንድም ሽቦ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አስታወቀ። እስከ 1970 የተሰበሰበው ማስረጃ በወጉ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ የሆድ እንቅልፍ አደገኛነት በዚያን ጊዜ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድም ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ሊተርፉ ይችሉ ነበር ብሎ ገመተ።

ልብ እንበል። በእነዚያ ዓመታት ሽቦ የተለጠፈባቸው ልጆች ወላጆች ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው ይጠብቁ ነበር፤ ልጃቸውን ግን አዋቂዎች እንደ ነገሩአቸው በሆዱ አስተኝተውት ሊሆን ይችላል። ትጋታቸውን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ትጋቱ ግን የተተከለው ያለ ስፍራው ነበር።

መሣሪያውም ራሱ ተፈትኖአል። በአሜሪካ ከ1994 እስከ 1998 በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በታተመ ጥናት 1,079 ሕፃናት በየቤታቸው ከ700,000 በሚበልጡ ሰዓታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ከልጆቹ 41 በመቶ የሚሆኑት በዚያን ጊዜ ልማድ መሣሪያውን የሚያስጮኽ የትንፋሽ ወይም የልብ ምት ለውጥ ታይቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ፍጹም ጤነኞችና በወራቸው የተወለዱ ይገኙባቸዋል። ከበድ ያለው ለውጥ ይበልጥ ይታይ የነበረው ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ፣ ያውም ድንገተኛ ሞት ከሚበዛበት ዕድሜ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ደወሉ የሚጮኽለት ነገርና ሞቱ አንድ መንገድ የሚጓዙ ሆነው አልተገኙም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እነዚህን መሣሪያዎች ድንገተኛ ሞትን ለመከላከል ብሎ መጠቀም እንደማይገባ ደጋግሞ አስታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያም ይህንኑ አጽንቶአል።

እንግዲህ ወደ ኅሊናው ጥያቄ እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ አስተዋይነት ሲጽፉ ትጉህ ጥንቃቄን የአስተዋይነት ገንዘብ አድርገው ይቆጥሩታል። በዚያው ክፍል ግን ስለሚመጣው ነገር ያለ ልክ መጨነቅን አስተዋይነትን ከሚመስሉ ጉድለቶች መካከል ያስቀምጡታል። የሁለቱ መመሳሰል ነው አስቸጋሪው። የሚጠነቀቅ እናትና የምትጨነቅ እናት በእኩለ ሌሊት ስትነሣ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው በፍሬው ነው። ጥንቃቄ ልጁ የሚተኛበትን ያዘጋጃል፤ ካዘጋጀ በኋላም ያርፋል። ጭንቀት ግን ከማዘጋጀት አይጀምርም፤ መጨረሻም የለውም፤ አሥር ጊዜ አይቶ አሥራ አንደኛውን ይፈልጋል።

ከዚህም የተነሣ ማየት ሁሉ መጠበቅ አይደለም እንላለን። በበር ላይ የቆመ ዘብ የሚጠብቀው ሌባ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር ስላለው ነው። የሕፃኑ ደወል በሌሊት ሲጮኽ ወላጁ ምን ያደርጋል? ልጁን ነክቶ ማንቃትና መተንፈሱን ማየት የሚችል ሁሉ ይችላል። ልጁ ግን በእውነት ሳይተነፍስ ቢገኝስ? የሕፃንን ደረት እንዴት እንደሚጫኑ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሰጡት አስቀድሞ ያልተማረ ሰው እጅ ላይ ደወሉ ጩኸት ብቻ ነው። በመቶ የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ መሣሪያውን ገዝቶ፣ የጥቂት ሰዓት የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ያልተማረ ወላጅ ከሁለቱ የሚበልጠውን ትቶ የሚያንሰውን ይዞአል።

ነጋዴዎቹ የሚሸጡት ምንድን ነው? ማስታወቂያቸውን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። «ልጅህን ከሞት እናድነዋለን» አይሉም፤ ይህን ቢሉ በሕግ ይጠየቃሉና። የሚሉት «የአእምሮ ሰላም እንሰጥሃለን» ነው። ኦውሌት የተባለው የካልሲ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ፈቃድ የሕክምና መሣሪያ እየሸጠ መሆኑን የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ሽያጩንም በዚያ አገር አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2023 መሥሪያ ቤቱ ለአዲሶቹ የካልሲ መሣሪያዎቹ ፈቃድ ሰጠ፤ ይህም የልብ ምትንና የኦክስጅንን መጠን እንዲያሳዩ እንጂ ድንገተኛ ሞትን ይከላከላሉ ተብሎ አይደለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ሐኪሞች ሁለት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎችን ከሆስፒታል መለኪያ ጋር ሲያስተያዩ አንደኛው የኦክስጅንን ማነስ አንዳንዴ ሲያገኝ አንዳንዴ ሲስተው፣ ሌላው ግን አንድም ጊዜ ሳያገኘው ቀርቶአል።

ስለ አእምሮ ሰላሙ በችኮላ መፍረድ አንፈልግም። ከዚህ በፊት ልጅ የሞተባት እናት መሣሪያው ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ቢሰጣት ያ እንቅልፍ ከንቱ አይደለም፤ ያላረፈ ሰው ልጅ ይዞ ሶፋ ላይ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ይህም ሐኪሞች አጥብቀው ከሚያስጠነቅቁባቸው አደጋዎች አንዱ ነው። ሰላም የሚያገኙ ወላጆች አሉ። የሚያጡም አሉ፤ በስልካቸው መስታወት ላይ የሚታየውን ቁጥር ሲከታተሉ የሚያነጉ፣ ቁጥሩ ባንድ ሲቀንስ የሚደነግጡ፣ የልጁን ፊት ከማየት ይልቅ ቁጥሩን የሚያዩ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሐሰተኛው ሰላም ነው። «መሣሪያው ይጠብቀዋል» ብሎ ልጁን በሆዱ የሚያስተኛ፣ ወይም ለስላሳ ትራስ የሚያስገባለት ሰው እውነተኛውን ጥበቃ በሐሰተኛው ለውጦአል። መሣሪያው ራሱ አደጋ የሆነበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንጅልኬር የተባሉ ከፍራሽ ሥር የሚነጠፉ 600,000 ያህል መሣሪያዎች በአሜሪካ እንዲስተካከሉ የታዘዘው ሁለት ሕፃናት በሰሌዳው ገመድ ታንቀው ከሞቱ በኋላ ነበር።

እንዲህ ሲባል የትንፋሽ ክትትል ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ዘንድ የትንፋሽ መቋረጥ የታወቀ ሕመም ነው፤ በሆስፒታል በመሣሪያና በመድኃኒት ይታከማል። ከእነዚህም አንዳንዶቹን ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ መሣሪያ አስይዞ ወደ ቤት ሊሰዳቸው ይችላል። ይህ በሱቅ የሚሸጠው አይደለም፤ ሐኪም የሚያዝዘው፣ ወላጁም አያያዙን የሚማርበት ነው። ሐኪም ያዘዘውን መሣሪያ ይህን ጽሑፋችንን አንብቦ የሚያስቀምጥ ቢኖር ፈጽሞ ተሳስቶአል።

ስለ እነዚህ ትንንሽ ልጆች ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሆነውን መጥቀስ ይገባናል። የማሞቂያ ሣጥን ያነሳቸው ዶክተር ኤድጋር ሬይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስጠግተው እንዲታቀፉ ማድረግ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ሰፊ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው በዚህ መንገድ ሲያዙ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ቁጥር በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቶአል። ልጅን ማዘልና ማቀፍ ለእኛ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም አራስ ልጆችን በብዛት የሚነጥቁን ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ተላላፊ በሽታ ናቸው። ከውጭ አገር ለክርስትና ልጁ ስጦታ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን በሌላ ነገር ላይ ያውለው ይሆናል። እናቲቱ በጤና ተቋም እንድትወልድ ለመኪና፣ ከወለደች በኋላም ለምርመራ፣ ወይም ሌሊት ተነሥታ የምታግዛት ሴት ለመቅጠር።

አንድ ነገር ደግሞ በልቅሶ ቤት እንሰማለን። ሕፃን በእንቅልፉ ሲሞት «ተኝታበት ይሆናል»፣ «እንዴት ሳትሰማው?» የሚሉ ቃላት ከወዳጅም አፍ ይወጣሉ። ተናጋሪው ክፉ አይደለም፤ ምክንያት የሌለው ሞት ስለሚያስፈራው ምክንያት ይፈልጋል። ነገር ግን የቃሉን ክብደት የምትሸከመው እናት ናት። መሣሪያው በገበያ ከዋለ ወዲህ በውጭ አገር ባሉት ዘንድ «መቆጣጠሪያ አልነበራችሁም?» የሚል ሌላ ቃል ሊጨመር ይችላል። ይህ ጥያቄ ሐሰት ነው፤ መቆጣጠሪያው ያድነው እንደ ነበር ማንም አላረጋገጠምና። ሰው የሚጠየቀው ሊያውቀውና ሊያደርገው በሚችለው መጠን ነው። የተኛ ሰው ባለመስማቱ አይጠየቅም፤ እንቅልፍ የፍጡር ወሰን ነው እንጂ በደል አይደለም። ልጁን እንደሚገባ አስተኝቶ የተኛ ወላጅ ግዴታውን ፈጽሞ ተኝቶአል። መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያልነበረው፣ አቅም ኖሮትም ያልገዛው፣ ገዝቶትም ያልጮኸለት ወላጅ ሦስቱም በዚህ ረገድ እኩል ናቸው።

ግዴታው የቱ ነው? ብዙ አይደለም፤ ገንዘብም እምብዛም አያስወጣም። ልጁ በሌሊትም በቀንም እንቅልፉ በጀርባው ይንጋለል። ፍራሹ ጠንካራና ደልዳላ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሱፍ መጫወቻ አጠገቡ አይኑር፤ ራሱና ፊቱ አይሸፈን፤ ከልክ በላይም አይሙቅ። ይህ የመጨረሻው ብርድ ይመታዋል ብለን ልጅን በጋቢ ላይ ጋቢ ለምንደርብ ለእኛ በተለይ የተነገረ ይመስለናል። በእርግዝና ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ልጁ ካለበት ትንባሆ ይራቅ። እናት ጡት ታጥባው። ሐኪሞቹ ልጁ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራሉ። ሁለተኛ አልጋ በማይገባበት ጠባብ ቤት ከእናት ጋር በአንድ መደብ መተኛት የኖርንበት መሆኑን እናውቃለን። ቢያንስ መጠጥ የጠጣ ወይም ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ከልጁ ጋር አይተኛ፤ ከባድ ልብስና ትራስም ከፊቱ ይራቅ።

ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ መሣሪያውን መግዛት የሚፈልግን ሰው አንከለክለውም። ሲገዛ ግን ዕቃው የሚለካው እንቅስቃሴን ነው ወይስ ኦክስጅንን ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ከድንገተኛ ሞት ይጠብቃል ካለው ሌላ ሱቅ ይሂድ። ገመድ ካለው ከልጁ አልጋ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በስልክ በኩል የሚሠራ ከሆነ መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ሌሊት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያስብ፤ በአገር ቤት ላለ ዘመድ የሚልክ ሰው ይህን ፈጽሞ ሊዘነጋው አይገባም። ከሁሉ በፊት ባልና ሚስቱ ተነጋግረው አንድ ነገር ይወስኑ፤ መሣሪያው ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ሆኖ ቢያገኙት በስንተኛው ቀን እንደሚያጠፉት። ያለ ወሰን የገባ ዕቃ በቀላሉ አይወጣምና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለጥምቀት የሚዘጋጁ ወላጆችንና የክርስትና አባትና እናትን በየጊዜው ያገኛሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ጋር ልጁ የት እንደሚተኛ፣ በምን ላይ እንደሚተኛና በጀርባው ይተኛ እንደ ሆነ ቢጠይቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። አያት በስብሰባው ካሉ ይበልጥ መልካም ነው፤ በብዙ ቤት ልጁን የሚያስተኙት እርሳቸው ናቸውና፤ የእርሳቸው ዘመን ምክርም ከዛሬው ይለይ ይሆናል። ለአያት ሲነገር በአክብሮት ይነገር። ስንት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው፤ ትላንት የመጣ መሣሪያም ሆነ ትላንት የመጣ ወጣት አስተማሪ እንዲያሳፍራቸው አይገባም።